ኢ.ኤ. 888 ባለተርቦ የቤንዚን ሞተር፦ ቴክኒካዊ መግለጫና በአገልግሎት ወቅት የሚያጋጥሙ ችግሮች

ኢ.ኤ. 888 በሚል መለያ የሚታወቀው ሞተር በጀርመኑ ፎልክስዋገን ግሩፕ የተሠራ፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች ያሉት፣ በተርቦቻርጀር የሚታገዝ የቤንዚን ሞተር ነው። በፎልክስዋገን፣ በሽኮዳና በሲያት ተሽከርካሪዎች ላይ «ቲ.ኤስ.አይ.»፣ በአውዲ ላይ ደግሞ «ቲ.ኤፍ.ኤስ.አይ.» በሚል የንግድ ስያሜ ይታወቃል። በጎልፍ ጂ.ቲ.አይ.፣ በፓሳት፣ በቲጓን፣ በኦክታቪያ፣ በአውዲ ኤ3፣ ኤ4 እና ኪው5 ሞዴሎች ላይ በስፋት ተገጥሟል። በዋናነት የሚመረተው በሃንጋሪ ጅዮር ከተማ በሚገኘው የአውዲ ፋብሪካ ሲሆን፣ በሜክሲኮና በቻይናም ይመረታል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ ወደ አገር የገቡት ተሽከርካሪዎች ረዘም ላለ ጊዜ በአገልግሎት ላይ መቆየታቸውና ከእጅ ወደ እጅ መተላለፋቸው የሚጠበቅ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ከሚደርሱ ከባድ ብልሽቶች አብዛኞቹ በድንገት የሚከሰቱ አይደሉም፤ አስቀድመው ምልክት ያሳያሉ። ምልክቱን ለይቶ በወቅቱ ያስጠገነ ባለንብረት የአንድ መለዋወጫ ዋጋ ሲከፍል፣ ያላስተዋለው ሞተሩን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የሞተሩ አወቃቀር

የሞተሩ አካል ከግራጫ የብረት ቀልጥ፣ የሲሊንደር ክዳኑ (ቴስታታው) ደግሞ ከአልሙኒየም የተሠራ ነው። በክዳኑ ላይ ሁለት ካምሻፍቶችና 16 ቫልቮች ይገኛሉ። የሲሊንደሩ የውስጥ ዲያሜትር በሁሉም ዓይነቶቹ 82.5 ሚሊ ሜትር ነው። የ1.8 ሊትሩ ፒስተን ምልልስ 84.1 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ጠቅላላ ይዘቱ 1,798 ሲሲ ሲሆን፣ የ2.0 ሊትሩ ምልልስ 92.8 ሚሊ ሜትር ሆኖ 1,984 ሲሲ ይሰጣል። በሌላ አነጋገር በሁለቱ መካከል ያለው መሠረታዊ ልዩነት የፒስተኑ ምልልስ እንጂ የሲሊንደሩ ስፋት አይደለም። የመቀጣጠል ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው።

ከክራንክሻፍቱ በእጥፍ ፍጥነት፣ እርስ በርስ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት የሚዛን ዘንጎች የሞተሩን ንዝረት ይቀንሳሉ። ካምሻፍቶቹ፣ የሚዛን ዘንጎቹና የዘይት ፓምፑ እንቅስቃሴያቸውን የሚያገኙት በሦስት ሰንሰለቶች (ካቴናዎች) አማካይነት ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ኢ.ኤ. 113 የተባለው ሞተር ካምሻፍቱን የሚያዞረው በቺንጋ ነበር። የሁለቱ ሞተሮች የ2.0 ሊትር ዓይነቶች የሲሊንደር ስፋትና የፒስተን ምልልስ አንድ በመሆኑ መለዋወጫ ሲገዛ ተመሳሳይ እየመሰሉ ያሳስታሉ። በባለቤቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፓምፕ ታፔት መበላት የኢ.ኤ. 113 ችግር ነው፤ ኢ.ኤ. 888 በዚያ ቦታ ላይ የሚንከባለል ታፔት ስለሚጠቀም በዚህ ረገድ አይወቀስም።

ነዳጁ የሚረጨው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲሆን፣ የርጭቱ ግፊት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች እስከ 150 ባር፣ በሦስተኛው ትውልድ እስከ 200 ባር ይደርሳል። ተርቦቻርጀሩ ከጭስ የሚያገኘውን ኃይል ተጠቅሞ አየሩን ይጨምቃል፤ የተጨመቀውና በዚያው የሞቀው አየር በኢንተርኩለር ቀዝቅዞ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገባል። የተርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ150,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ዘንጉን ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የሚያደርገው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ስለ ዘይት የሚሰጠው ማሳሰቢያ ከሌሎች ሞተሮች ይልቅ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከኮፋኖው ሥር ለጥቂት ደቂቃዎች የሚሰማው የማጉረምረም ድምፅ ብልሽት አይደለም። ተርቦውን ለማቀዝቀዝ ውሃ የሚያዘዋውረው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ድምፅ ነው።

ትውልዶቹና ጉልበታቸው

የመጀመሪያው ትውልድ ወደ ገበያ የገባው በ2007 አካባቢ በ1.8 ሊትር ሲሆን፣ 118 ኪሎ ዋት (160 የፈረስ ጉልበት) እና 250 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል ይሰጣል። የ2.0 ሊትሩ 147 ኪሎ ዋት (200 የፈረስ ጉልበት) እና 280 ኒውተን ሜትር ያመነጫል። የሁለቱም የመጭመቂያ ምጣኔ 9.6 ለ 1 ነው።

ሁለተኛው ትውልድ በ2008 ሲመጣ የሰበቃን ኃይል መቀነስ ዋና ዓላማው ነበር። የክራንክሻፍቱ ዋና ብሮንዚኖች ዲያሜትር ከ58 ወደ 52 ሚሊ ሜትር ዝቅ ተደረገ፤ የዘይት ፓምፑ ግፊቱን እንደ ሁኔታው የሚያስተካክል ሆነ፤ የፒስተን ቀለበቶቹም (ፋሻዎቹ) ቀጠኑ። በአውዲ ኤ4ና መሰል ተሽከርካሪዎች ላይ የተገጠመው የ2.0 ሊትር ዓይነት የጭስ ቫልቮችን የመከፈት መጠን በሁለት ደረጃ የሚቀይር ሥርዓት ተጨምሮለት 155 ኪሎ ዋት (211 የፈረስ ጉልበት) ሲሰጥ፣ 350 ኒውተን ሜትር ማዞሪያ ኃይሉን ከ1,500 ዙር ጀምሮ ያገኛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል የቀጠኑት ፋሻዎች በኋላ ያስከተሉት ችግር ግን የተገኘውን ቁጠባ ለብዙ ባለንብረቶች ዋጋ አሳጥቶታል።

ሦስተኛው ትውልድ ከ2011 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን ከሁሉም የሰፋ ለውጥ የተደረገበት ነው። የጭስ ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር አንድ አካል ሆኖ በውሃ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። ለአውሮፓ ገበያ በተመረቱት ላይ ከቀጥተኛው ርጭት በተጨማሪ ወደ አየር ማስገቢያው የሚረጩ ሁለተኛ ኢንጀክተሮች ተጨመሩ። የሰባተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. በዚህ ሞተር 162 ኪሎ ዋት (220 የፈረስ ጉልበት) እና 350 ኒውተን ሜትር ያገኘ ሲሆን፣ የጎልፍ አር ዓይነት 221 ኪሎ ዋት (300 የፈረስ ጉልበት) ደርሷል። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ከ11 ለ 1 በላይ የመጭመቂያ ምጣኔ ያለው ባለ 140 ኪሎ ዋት ዓይነት ለነዳጅ ቁጠባ የተዘጋጀ ነው። በ2020 የቀረበው የስምንተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ሞተር የርጭት ግፊቱ 350 ባር፣ ጉልበቱ 180 ኪሎ ዋት ነው።

ባለንብረቱ የሞተሩን ትውልድ በተሽከርካሪው ዓመተ ምሕረት ብቻ መለየት የለበትም፤ ትውልዶቹ በተለያዩ ሞዴሎች ላይ በተለያየ ጊዜ ስለተተኩ አንድ ዓመት የሁለት ትውልዶችን ሞተሮች ሊይዝ ይችላል። ትክክለኛው መለያ በሞተሩ ላይና በተሽከርካሪው የመረጃ ተለጣፊ ላይ የሰፈረው ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ፊደል የሞተር ኮድ ነው።

በከፍታ ቦታ ላይ ያለው ባሕርይ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ገደማ ይወርዳል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በአንድ ምልልስ የሚያስገባው አየር በዚያው መጠን ስለሚቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ባለተርቦ ሞተር ግን የጎደለውን ግፊት ተርቦውን አፍጥኖ በማሽከርከር በአብዛኛው ይተካል። በደጋማ አካባቢ ባለተርቦ መኪና ከእኩዮቹ የተሻለ ሽቅብ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። ለምሳሌ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ፍጹም ግፊት 1.6 ባር እንዲሆን ከተፈለገ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ተርቦው የውጭውን አየር 1.6 ጊዜ ብቻ መጭመቅ ይበቃዋል፤ በአዲስ አበባ ግን ከ2 ጊዜ በላይ መጭመቅ ይኖርበታል። ይበልጥ የተጨመቀ አየር ይበልጥ ይሞቃል፤ ዘንጉም ይበልጥ ይፈጥናል። ስለዚህ በቆላ ብዙም የማይታወቅ የቱቦ መላላት፣ የቆሸሸ ኢንተርኩለር ወይም በአቧራ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ በደጋ ወዲያው ይታወቃል። ተርቦው ግፊት ከመፍጠሩ በፊት ባለው ዝቅተኛ ዙር ደግሞ ሞተሩ እንደ ማንኛውም ተርቦ የሌለው ሞተር ስለሆነ፣ ቁልቁለትና ዳገት በበዛበት መንገድ ከቆመበት ሲነሳ የሚታየው ድካም የብልሽት ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ከመጠን ያለፈ የዘይት ፍጆታ

የሁለተኛው ትውልድ ሞተሮች ዋነኛ ችግር ይህ ነው። ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተረፈውን ዘይት ጠርጎ የሚመልሰው የታችኛው ፋሻ ቀጭንና ውጥረቱ ዝቅተኛ ነው፤ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚመለስባቸው ቀዳዳዎችም ጠባብ ናቸው። ቀዳዳዎቹ በተቃጠለ ዘይት ጥላሸት ሲደፈኑ ፋሻው በቦታው ይያዛል፤ ዘይቱም ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። የተቃጠለው ዘይት ተጨማሪ ጥላሸት ስለሚፈጥር ችግሩ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል። በአሜሪካ የ2009፣ የ2010 እና የ2011 አውዲ ኤ4፣ ኤ5 እና ኪው5 ባለንብረቶች በዚህ ጉዳይ ያቀረቡት የጋራ ክስ በስምምነት የተቋጨ ሲሆን፣ ለተሽከርካሪዎቹ የዋስትና ጊዜ እንዲራዘም ምክንያት ሆኗል።

አምራቹ በአጠቃቀም መመሪያው ላይ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 0.5 ሊትር የሚደርስ ፍጆታን እንደ ተፈቀደ ይቆጥራል። ይህ አኃዝ በወረቀት ላይ አነስተኛ ቢመስልም ትርጉሙን ማስላት ተገቢ ነው። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው። እስከ ላይኛው ምልክት የተሞላ ሞተር፣ «በተፈቀደው» ፍጆታ እንኳ 2,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ወደ ታችኛው ምልክት ሊወርድ ይችላል። በ10,000 ኪሎ ሜትር የሚጠፋው 5 ሊትር ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ ትውልዶች ሞተር ሞተሩ በአግድም በተገጠመባቸው ተሽከርካሪዎች ላይ የሚይዘው ጠቅላላ ዘይት 4.6 ሊትር ነው። ዘይቱን በሰርቪስ ጊዜ ብቻ የሚመለከት ባለንብረት፣ ከሰርቪስ እስከ ሰርቪስ ባለው ጊዜ ውስጥ ሞተሩን ያለ ዘይት ሊያሠራ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የዘይት መጠን ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱና ከረጅም ጉዞ በፊት ሊታይ ይገባል። የሚታየው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። አንዳንድ የአውዲ ሞዴሎች የመለኪያ ዘንግ ስለሌላቸው መጠኑ የሚነበበው በዳሽቦርዱ ማሳያ ላይ ብቻ ነው፤ ይህም «መብራት ካልበራ ችግር የለም» የሚል የተሳሳተ እምነት አሳድሯል።

በዳሽቦርዱ ላይ የሚታዩት ሁለት የዘይት መብራቶች አንድ ዓይነት መልእክት የላቸውም። ቢጫው መጠኑ መቀነሱን ያመለክታል፤ ተገቢውን ዘይት እስኪጨምሩ ድረስ በቀስታ መሄድ ይቻላል። ቀዩ የዘይት ግፊት መጥፋቱን ያመለክታል። ቀዩ ሲበራ ተሽከርካሪውን ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ ወዲያውኑ አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው፤ «እስከ ጋራዥ ልድረስ» ተብሎ የሚነዳ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የክራንክሻፍቱን ብሮንዚኖችና የተርቦውን ዘንግ ይበላል። ዘይት ተጨምሮም ቀዩ መብራት ካልጠፋ ሞተሩ መነሳት የለበትም።

ፍጆታውን በትክክል ለማወቅ ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላል፤ የኪሎ ሜትር ንባቡ ይመዘገባል፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ወደነበረበት ምልክት ለመመለስ ያስፈለገው መጠን በመለኪያ ይለካል። በዓይን ግምት ብቻ «ዘይት ይበላል» ተብሎ ሞተር ማስወረድ አይመከርም። ከፍተኛ ፍጆታ ከተረጋገጠም በቅድሚያ የሚመረመረው ርካሹ ምክንያት ነው፤ እርሱም በሞተሩ አናት ላይ የሚገኘው የጋዝ መመለሻ ቫልቭ ነው። በውስጡ ያለው የጎማ ሽፋን ሲቀደድ ሞተሩ ዘይቱን በአየር ማስገቢያው በኩል ይስባል። ምልክቶቹ በሚኒሞ ላይ የሚሰማ ፉጨት፣ የሞተሩ መንቀጥቀጥ እንዲሁም ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑ ሊነሳ እስከማይችል በኃይል መሳቡ ናቸው። ቫልቩ ሳይቀየር ሲቆይ በማርሽ ሳጥኑ በኩል ያለውን የክራንክሻፍት የዘይት ማኅተም ጭምር ያበላሻል።

ቫልቩ ጤነኛ ከሆነና ውጫዊ ፍሳሽ ከሌለ ዘላቂው መፍትሔ ፒስተኖቹንና ፋሻዎቹን በተሻሻሉት መተካት ነው። ፋሻ ብቻ ቀይሮ የድሮውን ፒስተን መመለስ ጠባቦቹን የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች እንደነበሩ ይተዋቸዋል። የፒስተን ፒን መጠን በሁሉም ዓይነቶች አንድ ስላልሆነ የተገዛው ፒስተን ከነባሩ ኮኔክቲንግ ሮድ ጋር መግጠሙ ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት በሞተር ኮዱ ሊረጋገጥ ይገባል። ወፍራም ዘይት ማድረግ ፍጆታውን ለጊዜው ሊቀንስ ቢችልም የተያዘውን ፋሻ አያላቅቅም። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር በቆይታ ካንዴላዎቹንና ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን እንደሚያበላሽም ሊታወቅ ይገባል።

የካምሻፍት ሰንሰለት መወጠሪያ

ከዘይት ፍጆታው ይልቅ በአንድ ጊዜ ሞተሩን ሊያጠፋ የሚችለው ችግር ይህ ነው። ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው መሣሪያ በዘይት ግፊት ይሠራል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆይ የዘይቱ ግፊት ስለሚለቅ፣ በዚያ ጊዜ መወጠሪያው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው የጥርስ መቆለፊያ አለ። እስከ 2012 አካባቢ በተሠሩ ሞተሮች ላይ የተገጠመው መቆለፊያ ሊሰበር ወይም ሊላቀቅ የሚችል ሆኖ ተገኝቷል። መቆለፊያው ከለቀቀ ሞተሩ በሚነሳባት ቅጽበት፣ የዘይቱ ግፊት ከመድረሱ በፊት፣ የላላው ሰንሰለት ጥርስ ሊዘል ይችላል። በዚያን ጊዜ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ይታጠፋሉ። ማታ በደኅና የቆመ መኪና ጠዋት ሳይነሳ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጉዳዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በጋራ ክስ ታይቶ በስምምነት የተቋጨ ሲሆን፣ አምራቹም የተሻሻለ መወጠሪያ አቅርቧል።

ዋናው የማስጠንቀቂያ ምልክት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰኮንድ የሚሰማ የብረት መንኳኳት ድምፅ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ስለሚጠፋ ብዙዎች ቸል ይሉታል። ሁለተኛው ማረጋገጫ በኮምፒውተር ምርመራ የሚነበበው የካምሻፍቱና የክራንክሻፍቱ አቀማመጥ ልዩነት ሲሆን፣ የንባቡ ከዜሮ መራቅ የሰንሰለቱን መርዘም ያሳያል። ሦስተኛውና አስተማማኙ መወጠሪያውን በዓይን ማየት ነው፤ በሰንሰለቱ ሽፋን ላይ ያለው የመመልከቻ ቀዳዳ መሰኪያ ተነቅሎ በመብራትና በመስታወት መወጠሪያው አሮጌው ወይም የተሻሻለው ዓይነት መሆኑ፣ የተሻሻለው ከሆነም ምን ያህል እንደወጣ ይታያል። ይህ ምርመራ ሞተር ማስከፈት አያስፈልገውም፤ የሚወስደውም ጊዜ አጭር ነው።

አሮጌው መወጠሪያ ያለበት ሞተር ድምፅ ባያሰማም መወጠሪያው እንዲቀየር ይመከራል። በሥራው ጊዜ ሰንሰለቱና የፕላስቲክ መሪዎቹ አብረው ይቀየራሉ። መወጠሪያው እስኪቀየር ድረስ ሞተሩ በማንኛውም ምክንያት ወደ ኋላ እንዲዞር መደረግ የለበትም፤ ማኑዋል ማርሽ ያለውን መኪና ዳገት ላይ በማርሽ ብቻ ማቆም ወይም ወደ ኋላ ገፍቶ ለማስነሳት መሞከር የላላውን ሰንሰለት ጥርስ ሊያዘልል ይችላል። ባትሪው የደከመበት ተሽከርካሪ ከመገፋት ይልቅ ከሌላ ባትሪ በኬብል ቢነሳ ይሻላል።

በቫልቮች ላይ የሚጠራቀም ካርቦንና ከአየር መስመሩ ጋር የተያያዙ ችግሮች

ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በሚረጭባቸው ትውልዶች የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹ በነዳጅ አይታጠቡም። ከሞተሩ ሆድ የሚመለሰው የዘይት ትነት በቫልቮቹ ጀርባ ላይ እየደረቀ የአየሩን መንገድ ያጠባል። ውጤቱ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ መንቀጥቀጥ፣ የጉልበት መቀነስና የአንድ ሲሊንደር አለመቀጣጠል ነው። በነዳጅ ታንከር ውስጥ የሚጨመሩ ማጽጃዎች በእነዚህ ትውልዶች ቫልቮቹን ስለማይነኩ ለዚህ ችግር አይጠቅሙም፤ ለኢንጀክተሮቹ ግን ሊያገለግሉ ይችላሉ። ትክክለኛው አሠራር ማኒፎልዱን አውጥቶ የተዘጉትን ቫልቮች በተፈጨ የለውዝ ቅርፊት ርጭት ማጽዳት ነው። በሽቦ ብሩሽ ወይም በአሸዋ ማጽዳት ሲሊንደሩን ይቧጭራል። ሁለት ዓይነት ኢንጀክተር ባላቸው የሦስተኛው ትውልድ ሞተሮች ችግሩ በእጅጉ ቀንሷል።

በማኒፎልዱ ውስጥ ያሉት የአየር ማዞሪያ ክንፎች የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ሲበላ የሞተር መብራት ይበራና ፒ2015 የሚል ኮድ ይመዘገባል። የተርቦ ግፊት ማነስን የሚያመለክተው ፒ0299 ኮድ ሲታይ ደግሞ ተርቦውን ከመክሰስ በፊት ቱቦዎቹ፣ የግፊት ማስቀየሻው ቫልቭ እና የዌስትጌቱ ማንቀሳቀሻ በየተራ ሊፈተሹ ይገባል፤ በቀድሞዎቹ ቫልቮች ውስጥ ያለው የጎማ ሽፋን ብዙ ጊዜ የሚቀደድ በመሆኑ በጥቂት ወጪ የሚፈታ ነገር ለተርቦ ቅየራ ምክንያት ሊሆን አይገባም። የካንዴላ ኮይሎች መበላሸትም የተለመደ ነው፤ ካንዴላዎቹ በ60,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራሉ።

የማቀዝቀዣው ሥርዓት

የውሃ ፓምፑና ቴርሞስታቱ በአንድ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ይገኛሉ። ፓምፑ የሚዞረው ከአንዱ የሚዛን ዘንግ ጫፍ ላይ በተገጠመ ትንሽ ባለጥርስ ቺንጋ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ሲጣመም ወይም ማኅተሙ ሲደርቅ ውሃ መንጠባጠብ ይጀምራል። ፍሳሹ ከማኒፎልዱ ሥር በተሸሸገ ቦታ በመሆኑ መሬት ላይ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት በመሙያው ጋን ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ መጉደል፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚሸት ጣፋጭ ሽታና የደረቀ ሮዝ ቀለም ያለው ቅሪት ነው።

በደጋማ አካባቢ ይህ ጉዳይ ተጨማሪ ትኩረት ይሻል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በክፍት ዕቃ ውስጥ በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ይህም ከሞተሩ መደበኛ የሥራ ሙቀት በታች ነው ወይም ከእርሱ ጋር ይቀራረባል። ማቀዝቀዣው እንዳይፈላ የሚያደርገው በተዘጋው ሥርዓት ውስጥ ያለው ግፊትና የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ነው። ግፊት የማይይዝ አሮጌ ክዳን ወይም ትንሽ ፍሳሽ በቆላ ከሚያስከትለው ይልቅ እዚህ ፈጥኖ ያስፈላል። የጎደለውን ሁልጊዜ በቧንቧ ውሃ መሙላት የፈሳሹን የዝገት መከላከያ ያሳጣል፤ የአልሙኒየሙን ቴስታታም ይጎዳል። በሞቀ ሞተር ላይ ክዳኑን መክፈት ከባድ ቃጠሎ ስለሚያስከትል ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ዘይት፣ ነዳጅና የሰርቪስ ጊዜ

ለመደበኛ የሰርቪስ ጊዜ የሚመከረው የአምራቹ የጥራት መለያ ቪ.ደብሊው 502 00 ሲሆን፣ ለተራዘመ የሰርቪስ ጊዜ የተዘጋጀው ቪ.ደብሊው 504 00 ነው። በዘይት ቆርቆሮ ላይ ከውፍረቱ ቁጥር ይልቅ መፈለግ ያለበት ይህ መለያ ነው። አምራቹ በአውሮፓ እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የተራዘመ የሰርቪስ ጊዜ የፈቀደባቸው ሞዴሎች ቢኖሩም፣ በአቧራማ መንገድና በከተማ የትራፊክ መጨናነቅ ለሚሠራ ሞተር ከ7,500 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ዘይትና ማጣሪያ መቀየር ይሻላል። የፋሻዎቹ መደፈንም፣ የመወጠሪያው መዳከምም፣ የተርቦው ዕድሜም ከዘይቱ ንጽሕና ጋር የተያያዙ ናቸው።

ለአብዛኞቹ ዓይነቶች የተወሰነው የነዳጅ ኦክቴን 95 ነው። ዝቅ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ሲሞላ የሞተሩ ኮምፒውተር ማንኳኳቱን ለመከላከል ብልጭታውን ስለሚያዘገይ ጉልበት ይቀንሳል፤ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። በከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ በዝቅተኛ ዙር ጋዝ እስከ መጨረሻው መርገጥ ፒስተንን ሊሰብር የሚችል ያለጊዜው መቀጣጠል ሊያስከትል ስለሚችል፣ ዳገት ሲወጣ ማርሽ መቀነስ ይገባል።

ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲገዛ

ምርመራው መደረግ ያለበት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ሻጩ መኪናውን አሙቆ ከጠበቀ የሰንሰለቱን ድምፅ መስማት አይቻልም፤ ገዢው በሌላ ቀን በጠዋት ተመልሶ እንዲነሳለት ቢጠይቅ መብቱ ነው። ከድምፁ በኋላ የዘይቱ መጠን ይታያል፤ ከፍ ባለ ዙር ቆይቶ ጋዝ ሲለቀቅ ሰማያዊ ጭስ መውጣቱ ይታያል፤ የጭስ ማውጫው ጫፍ በወፍራም ዘይታማ ጥላሸት መሸፈኑ ይስተዋላል። የኮምፒውተር ምርመራ ሲደረግ ኮዶቹ በቅርቡ ተሰርዘው እንደሆነም ሊጣራ ይገባል።

የሞተር ኮዱና በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥር መመሳሰል አለባቸው። በዚህ ሞተር ላይ የተበላሸውን ከመጠገን ይልቅ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ሞተር መግጠም የተለመደ ሲሆን፣ የተገጠመው ሞተር ከሌላ ትውልድ ከሆነ የሞተሩ ኮምፒውተር፣ ማኒፎልዱና የነዳጅ ሥርዓቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። የአሮጌው መወጠሪያ ችግር ያለበት «አዲስ» ሞተር የገዛ ባለንብረትም ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት፣ ገና ከመኪናው ውጪ ሳለ መወጠሪያውን ቢያስቀይር የሥራው ድካምና ወጪ በእጅጉ ያንሳል።